ኦቶና ስንት ፊደል ነው?

እስቲ ቡናው እስኪፈላ አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቅዎ። «ኦቶና» ስንት ፊደል ነው? ሦስት አሉኝ አይደል? ልክ ነዎት፤ ሀሁ የቆጠረ ሕፃንም ሦስት ይላል። ፕሮግራሚንግ የጀመረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ስሙን በሲ ፕላስ ፕላስ ጽፎ ርዝመቱን ቢጠይቅ፣ ማሽኑ ያለ ምንም ኀፍረት «ዘጠኝ» ይለዋል። ዋሸ እንዳይሉት፤ እሱ የቆጠረው ባይት ነው። ዛሬ ድረ ገጹም ስልኩም በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይበላል፤ ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ። ይኸው ተማሪ በሚቀጥለው ሰሚስተር ጃቫ ተምሮ ያንኑ ጥያቄ ቢደግም «ሦስት» የሚል መልስ ያገኛል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው ዘጠኝ ያለውና ሦስት ያለው አንድ ፕሮጀክት ላይ ተቀምጠው፣ ማን ምን እንደሚቆጥር ሳይነጋገሩ ኮዳቸውን ያገናኙ ዕለት ነው። የዛሬው ጨዋታችንም ስለዚሁ ነው፦ ተማሪ ከማሽን ጋር መነጋገሩን ለምዶ ከሰው ጋር መነጋገር ስለሚጀምርበት፣ ስለ ሁለተኛው የፕሮግራሚንግ ኮርስና ስለ ግሩፕ ፕሮጀክቱ።

ኦቶናን በከንቱ አላነሣሁትም። ወላይታ ሶዶን የሚያውቅ ሰው ኦቶና ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ሆስፒታሉ ነው። ሆስፒታሉ ከሚሲዮን ሥራ የበቀለ ነው፦ በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመሩት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ደቡብ ወርደው ሶዶ ላይ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። እነሱ ዘመኑን 1928 ሲሉ አገሬው 1920 ይል ነበር። ይቺን የስምንት ዓመት ልዩነት ኪስዎ ውስጥ ይያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን። ዛሬ ሆስፒታሉ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ጤናው ኦቶና፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ጋንዳባ በሚባለው ዋናው ግቢ። ሐኪም የሚሆኑትና ፕሮግራም የሚጽፉት ልጆች በአንድ ከተማ፣ በአንድ የዳሞታ ተራራ ሥር ያድራሉ ማለት ነው።

እንግዲህ እንበልና አምስት የጋንዳባ ተማሪዎች ለሆስፒታል ካርድ ክፍል የሚሆን የቀጠሮ መመዝገቢያ ሊሠሩ ተነሡ። ለምን ካርድ ክፍል? እርስዎም ያውቁታል፤ በአገራችን ሐኪም ዘንድ ለመድረስ አስቀድሞ ካርድ ክፍሉን መሻገር ያስፈልጋል። ለተማሪ ፕሮጀክት ከዚህ የተሻለ ርዕስ አይገኝም፤ ችግሩን ያላየ የለማ።

አምስቱ ልጆች ወደዚህ ፕሮጀክት የመጡት የመጀመሪያውን ኮርስ አልፈው ነው። እዚያ የተማሩት ቫሪያብልን፣ «ኢፍ»ን፣ ሉፕን፣ አሬይን ነበር፤ የክፍል ውጤት ማስላትን፣ በኮከብ ምልክት ሦስት ማዕዘን መሥራትን። ያ ኮርስ የብቸኛ ሰው ኮርስ ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፈውም፣ የሚያነበውም፣ ሲበላሽ የሚራገመውም አንድ ሰው ነው። ለቫሪያብሉ «ኤክስ» የሚል ስም ቢሰጠው ማንም አይከሰውም፤ ኤክስ ምን እንደሆነች እሱ ያውቃታል።

ሁለተኛው ኮርስ ሲመጣ መምህሩ ዳታንና በእሱ ላይ የሚሠራውን ኮድ አንድ ላይ ስለሚያስሩት ስለ ክላስና ኦብጀክት ያስተምራል። «ዳታችሁን ፕራይቬት አድርጉት፤ ሌላው ሰው በሜተድ በኩል ብቻ ይድረስበት» ይላል። ተማሪው ይገርመዋል። ብቻውን ላብ ውስጥ ተቀምጦ «ከማን ነው የምደብቀው? ከራሴ?» ይላል። አንዱን ቁጥር ለማውጣት በሦስት መስመር ኮድ ማስፈቀድ የመሥሪያ ቤት ውጣ ውረድ ይመስለዋል። እውነቱን ነው፤ ለብቸኛ ሰው ይህ ሁሉ ደንብ ትርጉም የለውም። ትርጉሙ የሚገባው ከአጠገቡ ሌላ ሰው የተቀመጠ ዕለት ነው። ለዚህ ነው ኮርሱ ያለ ግሩፕ ፕሮጀክት ቢሰጥ ግማሹ የሚቀረው።

ግሩፕ ግን ባገራችን ዩኒቨርሲቲ የራሱ ልማድ አለው። ያልተጻፈው ደንብ እንዲህ ይላል፦ ሰቃዩ (ጎበዙ ልጅ) ይሠራል፣ አንዷ ትታይፓለች፣ አንዱ ያስጠርዛል፣ ሌላው ሻይ ይጋብዛል፣ አምስተኛው የሽፋኑ ገጽ ላይ ስሙ መኖሩን ያረጋግጣል። «አንድ ለአምስት» የሚባለውን አደረጃጀት ያስታውሱ ይሆናል፤ ጎበዙ ተማሪ መሪ ሆኖ ሌሎቹ በዙሪያው የሚሰባሰቡበትን። ሐሳቡ ጎበዙ እንዲያስተምር ነበር፤ ብዙ ቦታ ግን ጎበዙ እንዲሸከም ሆኖ ቀረ። በቲዎሪ አሳይመንት ይህ ያስኬዳል። አሥራ አምስት ገጽ ጽሑፍ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል፤ መምህሩም ያነበዋል፣ ወይም ያነበበ ይመስላል።

ሶፍትዌር ግን መሮጥ አለበት። መምህሩ ፊት ተከፍቶ፣ «እስቲ አዲስ ታካሚ መዝግቡ» ሲባል መመዝገብ አለበት። ሰቃዩ ብቻውን አልችል ብሎ ሥራው በዘገየ ጊዜ ደግሞ ሁላችንም ያደግንበት ጥበብ ይመጣል፦ ደቦ እንጥራ። ሌላ ግሩፕ ያሉ ጓደኞችን እንጨምር፣ አሥር ሆነን ሌሊቱን እንረባረብ።

እዚህ ላይ ነው ደቦ የሚከዳን። የጤፍ አረም ላይ ሃያ ሰው ቢመጣ ማሳው በጊዜ ያልቃል፤ እያንዳንዱ የያዘውን መስመር ይዞ ይሄዳል፣ የጎረቤቱን መስመር ማወቅ አይጠበቅበትም። ፍሬድ ብሩክስ የተባለው አሜሪካዊ ግን በ1960ዎቹ (የፈረንጁን ነው የምልዎ) አይቢኤም ውስጥ ሲስተም 360 ለተባለው ኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲያሠራ ሌላ ነገር አየ። የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው ሲጨመር ሥራው የባሰ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1975 ይህንኑ በመጽሐፍ አወጣው፤ ዛሬ «የብሩክስ ሕግ» ይሉታል። ምክንያቱ አስማት አይደለም። አዲሱ ሰው ሥራውን እስኪያውቅ ነባሩ ሥራውን ትቶ ያስረዳዋል። መነጋገሪያውም ይበዛል፦ አምስት ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢነጋገሩ 10 ጥንድ ይሆናሉ፤ አሥር ሲሆኑ ግን 45። ሰው እጥፍ ሆነ፣ ወሬው አራት እጥፍ ተኩል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ብቻ መሥራት? አይደለም፤ አከፋፈሉን ማወቅ ነው።

ወደ ካርድ ክፍላችን እንመለስ። አምስቱ ልጆች ሥራውን እንዴት የሚከፋፈሉት ይመስልዎታል? «አንተ መመዝገቢያ ፎርሙን፣ አንቺ ዳታቤዙን፣ አንተ ቀጠሮውን፣ አንቺ ሪፖርቱን፣ እኔ ደግሞ ማስታወሻ መልእክቱን።» ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለሁሉም ደረሰው። ግን ይመልከቱልኝ፤ ቀን የሌለበት ክፍል አለ? ፎርሙ የትውልድ ቀን ይጠይቃል፣ ዳታቤዙ ያስቀምጣል፣ ቀጠሮው ይቆጥራል፣ ሪፖርቱ በወር ይደምራል፣ መልእክቱ በሰዓቱ ይልካል። አምስቱም ስለ ቀን ወስነዋል፤ አንዱም ለሌላው አልነገረም።

አሁን ያቺን የስምንት ዓመት ልዩነት ከኪስዎ ያውጡልኝ። ፎርሙን የሠራው ልጅ እናቲቱ እንደነገሩት የሕፃኑን የትውልድ ዓመት 2016 ብሎ ጻፈ። ሕፃኑ በ2017 ለክትባት ሲመጣ አንድ ዓመት ገደማው ነው። ዕድሜ የምታሰላዋ ልጅ ግን ዛሬን የጠየቀችው የኮምፒዩተሩን ሰዓት ነው፤ ኮምፒዩተሩ 2025 አላት፤ ከዚያ ላይ 2016 ቀነሰች፣ ዘጠኝ ዓመት። በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር ሕፃኑ ለኩፍኝ በዘጠኝ ወሩ፣ እንደገናም በአሥራ አምስት ወሩ ይከተባል። ፕሮግራሙ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው ብሎታልና ለእናቲቱ ማስታወሻ አይልክም። ማንም አላጠፋም፤ ሕፃኑ ግን ሳይከተብ ቀረ።

ይህ የዓመቱ ብቻ ነው። የቀጠሮውን ኮድ የጻፈው ልጅ በጃቫ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚገኘውን የቀን ክላስ ተጠቅሞ፣ የአበሻውን ቀን እንዳለ ቢያስገባ «ጥቅምት 30» ላይ፣ ማለትም የሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን ሲደርስ ፕሮግራሙ ይሞታል። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለማ! ጳጉሜንማ አይንገሩት፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ጃቫ የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የእስልምናን አቆጣጠር ይዞ ሲመጣ የእኛን አልያዘም፤ እሱን በሌላ ላይብረሪ ማስመጣት ነው። መልእክት ላኪው ደግሞ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የተባለውን 3 ብሎ ካስቀመጠው፣ ስልክዎ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጮኾ ያስነሣዎታል። ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት የረሳ ፕሮግራም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አንድ ቀን ይዘልል ነበር፤ በ2019ም ይዘላል።

ዴቪድ ፓርናስ የተባለ የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ለዚህ መድኃኒቱን ነግሮናል። ሥራን በቅደም ተከተሉ አትከፋፍሉ አለ፤ ሊለወጡ በሚችሉ ውሳኔዎች ከፋፍሉት፣ እያንዳንዱን ውሳኔም አንድ ቦታ ደብቁት። በእኛ ጉዳይ፣ ቀንን በሚመለከት አንድ ልጅ ብቻ ይወስናል። አንድ የቀን ክላስ ይጽፋል፤ ሌሎቹ አራቱ «የዚህ ልጅ ዕድሜ ስንት ነው?»፣ «ከዛሬ ስድስት ሳምንት በኋላ ምን ቀን ነው?» ብለው እሱን ይጠይቁታል። ውስጡ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚያስቀምጥ አያገባቸውም። ያ «ከማን ነው የምደብቀው?» ያለው ተማሪ መልሱን እዚህ ያገኛል፦ ከአራቱ ጓደኞችህ፣ ለእነሱው ሲባል።

የተማሪ ጣጣ ነው ብለው እንዳይንቁት። ናሳ ማርስን እንድትዞር የላካት ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር እ.ኤ.አ. መስከረም 1999 ፕላኔቷ ዘንድ ስትደርስ ጠፍታ ቀረች። ምርመራው ያገኘው ምን ነበር? ሎክሂድ ማርቲን ያዘጋጀው የምድር ሶፍትዌር የግፊቱን መጠን በእንግሊዞቹ የፓውንድ መለኪያ ሲያወጣ፣ የናሳ ባለሙያዎች በኒውተን እንደወጣ ቆጥረው ተጠቅመውበታል። ልዩነቱ አራት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ሁለቱም ቡድኖች ስሌታቸውን ያውቁ ነበር፤ የከሸፈው በመካከላቸው ያለው ነው። እኛ የሁለት መለኪያ ሕዝብ ሆነን ስንኖር ስንት ዘመናችን ነው! እኔም ይህን ስጽፍልዎ አንዴ «ዓ.ም.»፣ አንዴ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ አይደል? ሰው ዐውዱን አይቶ ያስተካክላል፤ ፕሮግራም ግን የተነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ደስ የሚለው ይህ ችግር ተፈትቶ፣ የተፈታበትም ኮድ ለማንም ክፍት ሆኖ መቀመጡ ነው። የጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ-2 የተባለ ሶፍትዌር አለ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሥራ ነው፤ የተጻፈው በጃቫ ነው፤ ከሚመረጡት አቆጣጠሮቹ አንዱ የኢትዮጵያ ነው። ውስጡን የከፈተ ተማሪ ካሌንደር ለብቻው ክላስ ተሰጥቶት ያገኘዋል፤ ሌላው የሶፍትዌሩ ክፍል ጳጉሜን መኖሯን ሳያውቅ ሥራውን ይሠራል። የሚገርመው ኦስሎ መሆኑ ነው። ኦብጀክት የሚባለው የፕሮግራሚንግ አስተሳሰብ ራሱ የተወለደው እዚያው ከተማ ነው፤ ኦሌ-ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ኖርዌያውያን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሙላ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሲሠሩ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. የ2001ን የቱሪንግ ሽልማት ወስደዋል። እንግዲህ በአንዱ ስላይድ ላይ «የኦብጀክት ታሪክ» ተብሎ የሚታለፈው ነገር በየጤና ጣቢያው ኮምፒዩተር ላይ አለልዎ።

ቀን ይህን ያህል ካስቸገረ ስምስ? አንዱ ልጅ «የአባት ስም፣ የአያት ስም» ብሎ ሳጥን ሲያዘጋጅ ሌላዋ ከኢንተርኔት ያገኘችውን ፎርም ይዛ «ላስት ኔም» ብላ ትጠይቃለች፤ አባትና ልጅ በተለያየ «ላስት ኔም» ይመዘገባሉ። ፍለጋውማ! ኃይለ ሥላሴ የሚባል ታካሚ መጣ እንበል። የመጀመሪያዋን ድምፅ ብቻ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብሎ በስድስት መንገድ መጻፍ ይቻላል። «ሥ»ን በሁለት፣ «ሴ»ን በሁለት፣ ስሙን ገጥሞ ወይም ለያይቶ መጻፉን በሁለት ያባዙት፤ 48 አጻጻፍ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ አንዱን መታ ትፈልጋለች፣ መዝጋቢው ሌላውን ጽፎታል፤ «የለም» ትላለች፣ ሰውየው አዲስ ካርድ ያወጣል። ወላይታ ላይ ደግሞ አንድ ይጨመራል። ወላይትኛ በደርግ ዘመኑ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ነው። አንዱ ልጅ ስሙ በትምህርት ቤት ወረቀቱ በላቲን፣ በሆስፒታል ካርዱ በግዕዝ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያስተናግድ አንድ «የስም ክላስ» ለአንድ ተማሪ ሙሉ የሰሚስተር ሥራ ነው፤ «ለእኔ የደረሰኝ ትንሽ ናት» የሚል ካለ እሱን ይስጡልኝ።

ደግሞ ኮዱን ማገናኘቱ አለ። ብዙ ግሩፕ ሥራውን በፍላሽ ነው የሚለዋወጠው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍላሹ ውስጥ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የእውነት ፋይናል» እና «ይቺን አትንኩ» የሚሉ ፎልደሮች ተኮልኩለው ይገኛሉ። ጊት የሚባለውን መሣሪያ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 የጀመረው በመላው ዓለም የተበተኑ የሊኑክስ ጸሐፊዎች ሥራ እንዳይደባለቅ ነው። ብዙ ተማሪ ጊትን ከጊትሃብ ድረ ገጽ ጋር አንድ አድርጎ ስለሚያየው «ኔትወርክ የለም፣ አይሆንልንም» ይላል። ጊት ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የሥራው ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ ልጅ ላፕቶፕ ላይ አለ፣ ፍላሹም ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለት ልጆች አንድ መስመር ቀይረው ከተገኙ ያስቆማቸውና «ተነጋገሩ» ይላቸዋል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈም ይመዘግባል። የሽፋን ገጽ ስሞች ጠላት ነው ይበሉት።

መምህሩንም አንርሳው። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዞ የእያንዳንዱን ግሩፕ ኮድ መስመር በመስመር ማንበብ አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂው ሁሉ የመውጫ ፈተና ላይ ተቀምጦ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት፤ ያ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ነው፣ እያንዳንዱም ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ጊዜው ሲጠብ የሚታጠፈው ፕሮጀክቱ ነው። ተመርቆ ሥራ ሲገባ ግን ብቻውን የሚጽፍ ፕሮግራመር አያገኙም። ባንክም ይሁን ቴሌ፣ ልጁ መጀመሪያ ቀን የሚሰጠው ሌላ ሰው የጻፈው፣ ያ ሰውም ምናልባት የለቀቀ፣ ኤክስና ዋይ የሞላበት ኮድ ነው።

አንዳንድ ብልኅ መምህራን የሚያደርጉት ነገር ግን ጊዜም ገንዘብም አይጠይቅም። ዲፌንስ ላይ ተማሪውን የራሱን ክፍል አይጠይቁትም። ቀጠሮውን የጻፈውን «እስቲ የጓደኛህን የቀን ክላስ አስረዳኝ፤ ምን ትሰጣታለህ? ምን ትመልስልሃለች? ጳጉሜን 6 ብትሰጣትስ?» ይሉታል። ይህን መመለስ የሚችለው ከጓደኛው ጋር የተነጋገረ ብቻ ነው። ሰቃዩ ሁሉን ብቻውን ጽፎትም ከሆነ ሌሎቹ እዚያው ይታወቃሉ፤ የሰቃዩም ኮድ ለሌላ ሰው የማይገባ ከሆነ እሱም ይታወቃል፣ ያ ደግሞ ቀላል ጥፋት አይደለም።

እርስዎም ጃቫ ባያውቁ ይህን ማድረግ ይችላሉ። ልጅዎ፣ የእኅትዎ ወይም የጎረቤትዎ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ሥጋውን በዳጣ እያጠቀሰ «ሲስተም ሠራን» ብሎ ሲኮራብዎ፣ የሠራውን አይጠይቁት፤ እሱንማ እስኪደክምዎ ያወራዋል። ጓደኛው የሠራችውን ይጠይቁት። ሦስት ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ ከመለሰልዎ ኮርሱን አልፏል፤ ትራንስክሪፕቱ የፈለገውን ይበል።